ጥቂት ጌሾ

«ጥቂት ጌሾ። አነስተኛ ጉድጓድ፣ አገልግሎት የማይሰጥ። አሮጌ ቤት።»

ዜማ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን የአባቷን የካሳ ግምት ለሦስተኛ ጊዜ አነበበችው። መንገዱ ሊሰፋ ስለሆነ በሉማሜ መውጫ ያሉት ቤቶች ሊነሱ ነው። መንግሥት መሬቱን ይወስዳል፤ በላዩ ለቆመው፣ ለበቀለውና ለተቆፈረው ካሳ ይከፍላል፤ ምትክ ቦታም ይሰጣል። በዚህ ግምት ግን እንኳን ቤት የዶሮ ቆጥም አይሠራም። አባቷ ቁርጡን ነግረዋታል፦ እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ከተማሪዎቻቸው ጋር ጎጆ ይገባሉ፤ እሷ ቁይ፣ አክስቷ ዘንድ ትሄዳለች።

«እኛማ የውሻውን ቤት ሳይቀር አስመዝግበናል» አለች የጎረቤቷ ልጅ ያለምዘውድ። «አባዬ ውሻውንም ሊያስመዘግብ ነበር፤ የሚንቀሳቀስ ንብረት አይካተትም አሉት።»

ዜማ አልሳቀችም።

«ቅሬታ አስገቡ እንጂ። ዛሬ ሠላሳኛው ቀን ነው። ዐሥራ አንድ ሰዓት ከሆነ አለቀ።»

«ምን ብለን? ጥቂት ነው ያሉት ራሳቸው አባባ ናቸው። ፈርመዋል።»

«ተሳስተው ነው በያ።»

«መሪጌታ አምደሚካኤል ዋሹ ብዬ ልጻፍ?»

«እንግዲህ ፋራ ነሽ፤ ቁይ ስትገቢ ደውዪልኝ» አለች ያለምዘውድ። ቀልዷ ግን መሃል ላይ ከዳት። የዜማን እጅ ያዘች።

ዜማ የቅሬታውን ቅጽ ከመስኮቱ ተቀብላ ወደ ቤት አቀናች።

በቆጠራው ዕለት የሜትሩን ጫፍ ይዛ የቆመችው እሷ ነበረች። ወጣቱ ገማች «መሪጌታ፣ ምን ምን አለዎት?» ሲላቸው፣ አባቷ ነጠላቸውን አስተካክለው «እኔ ምን አለኝ ልጄ፣ ሁሉም የሱ ነው» እያሉ ወደ ላይ አመለከቱ። ገማቹ በባለቤት ስም ቦታ ማንን እንደሚጽፍ ለአፍታ ግራ ገባው።

«ጌሾውስ?»

«ጥቂት ናት።»

«ጉድጓዱስ?»

«ጉድጓድም አይባል፤ ጭቃ ነው።»

ቀኑን ሙሉ በየቤቱ ዐሥሩ መቶ ሲባልለት የዋለ ገማች፣ «ጥቂት» ሲባል ምንም የለም ብሎ ቢረዳ አይፈረድበትም። በእነ ዜማ ቤት ደግሞ ያለን መቁጠር ነውር ነው። ላምም ይሁን ልጅ፣ የተቆጠረ ይጎድላል።

ዜማ ግን ታውቃለች። ጉድጓዱ በሚያዝያ እንኳ ደርቆ አያውቅም። አባቷ ሲቆፍሩ አፈሩን በገመድ እየጎተተች ያወጣችው እናቷ ናት፤ ካረፈች አምስት ዓመቷ። ጌሾውንም የተከለችው እሷ ናት። ዜማ ይህን ሁሉ እያወቀች፣ በቆጠራው ዕለት ትልቅ ሰው ሲናገር ጣልቃ አይገባም ብላ፣ የሜትሩን ጫፍ ጨብጣ ዝም አለች።

ቤት ስትደርስ አባቷ ደጃፉ ላይ ዳዊት ይደግማሉ። አልፋቸው ጌሾው ውስጥ ገባች።

«አንድ» አለች ጮክ ብላ። «ሁለት።»

የአባቷ ድምፅ ተቋረጠ። ዜማ ግን አላቆመችም። የመጨረሻው ረድፍ መጨረሻ ላይ ደረሰች።

«ስልሳ አንድ።»

«ከአጥሩ ጥግ ያለችውን ዘለልሻት» አሉ አባቷ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «ስልሳ ሁለት ናት። ያቺን እናትሽ የተከለቻት በታመመች ሰሞን ነው።»

ቆጥረው የማያውቁት አባቷ ቁጥሩን ያውቁት ነበር።

«ታዲያ ለምን አልነገሯቸውም፣ አባባ?»

ዳዊታቸውን አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። «እሷ ለፍታ ያቆመችውን አንድ ሁለት ብዬ ስጠራላቸው፣ እሷን የሸጥኋት መሰለኝ።»

ዜማ ከጌሾው ወጣች። አጠገባቸው ተቀምጣ ቅጹን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። «በቆጠራው ዕለት ያልተመዘገበበት ምክንያት» ይላል፤ ከሥሩ ሁለት ባዶ መስመር አለ። አባቴ ዋሹ ብትል የሚጎድፈው የሳቸው ስም ነው። ባዶውን ብትተወው መሄጃዋ ቁይ ነው። እስክሪብቶዋን ብዙ ጊዜ አንስታ መለሰችው። በመጨረሻ ጻፈች፤ ጽፋም አነበበችላቸው።

«ሜትሩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። እያየሁ ዝም አልኩ። ዜማ አምደሚካኤል።»

አባቷ ዳዊቱን ደጃፉ ላይ አስቀመጡ። ተነሥተው ወደ ጉድጓዱ ሄዱ። የገመዱ ጫፍ ላይ ድንጋይ አስረው እስከ ወለሉ ለቀቁት፤ ከዚያ ቀስ እያሉ ሳቡት። እርጥቡን ገመድ አምጥተው ጭኗ ላይ አኖሩላት። ቀዝቃዛ ነበር። መንገዱ ሲመጣ በአፈር የሚደፈነው ይሄው ውሃ ነው።

«ይኼንንም ለኪው» አሉ።

የገመዱን ሌላ ጫፍ አባቷ ያዙላት። ዜማ በክንዷ ለካች። ውሃ የነካው ብቻ ዘጠኝ ክንድ ሆነ።

ቁጥሩን ጮክ ብላ ተናገረች፤ ከስልሳ ሁለቱ ጌሾ ጋር ቅጹ ላይ ጽፋም ዐሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ወደ ቀበሌው ሮጠች።