ከክብሪት እንጨት የተሠሩት ሽማግሌዎች

መንፈስ፣ ጠንቋይ፣ ምናምን ሲወራ መጀመሪያ የምስቀው እኔ ነኝ፣ ሥራዬ ኤሌክትሪክ ነው፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ወይ ሽቦ ወይ ባትሪ አለው ብዬ የማምን ሰው ነኝ፣ ይህን የምነግራችሁም ማብራሪያ ስላጣሁለት ብቻ ነው።

ኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢ ከአባቴ ጋር እኖራለሁ፣ ከግቢው ጥግ ያለችው ሰርቪስ ቤት የእኔ ናት። እዚያ ውስጥ፣ በአንድ አሮጌ የጠረጴዛ መሳቢያ ላይ፣ ሚጢጢ የባቡር መንገድ ሠርቻለሁ። ባቡሯ ከመርካቶ የተገዛች መጫወቻ ናት፣ ተራራው የፍሪጅ ማሸጊያ ፎም፣ ሣሩ አረንጓዴ የተቀባ ሰጋቱራ፣ ከሐዲዱ ማዶ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገርና፣ የማርታን ቤት ከነሰማያዊ በሩ ሠርቼዋለሁ። ማርታ የሰፈራችን ልጅ ናት። እወዳታለሁ። ለእሷ ግን ትንፍሽ አላልኩም፣ በወጉ ሽማግሌ ልኬ ነው የምጠይቃት ብዬ።

ይህን የሚያውቀው ጓደኛዬ ሀብታሙ ብቻ ነበር። አባቴን "ሚስት ይጠይቁልኝ" ማለት አፈርኩ (ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ አትሳቁ)፣ ስለዚህ ሀብታሙን "አንተ ንገርልኝ፣ ሽማግሌዎቹንም አንተ ሰብስብልኝ" አልኩት።

"ለአንተ ያልሆንኩ ለማን ልሆን!" ብሎ ደረቱን መታ።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ መብራት ጠፋ። ከክፍሌ ጢቅ፣ ጢቅ፣ ጢቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ባቡሯ የሐዲዱን መጋጠሚያ ስታልፍ የምታሰማው ድምፅ ነው፣ ባትሪዋ ግን፣ እመኑኝ፣ ኪሴ ውስጥ ነበር። የስልኬን መብራት አበራሁ። ባቡሯ ቆማለች። በማርታ በር ላይ ግን እኔ ያልሠራኋቸው ሦስት ሰዎች ቆመዋል፣ ከክብሪት እንጨት የተጠረቡ፣ ነጭ የለበሱ፣ ቁመታቸው ከጥፍሬ የማይበልጥ።

ደንግጬ ለሀብታሙ ደወልኩ። መጀመሪያ "የምን ሰዎች?" አለ፣ ከዚያ ሳቀ።

"እኔ ነኝ ባክህ፣ ላስቅህ ብዬ ነው። ሽማግሌዎችህ ነገ ይሄዱልሃል ማለቴ ነው።"

እኔ ቂሉ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

እሁድ ክፍሌን ቆልፌ፣ ቁልፉን ይዤ፣ ጦር ኃይሎች ሥራ ዋልኩ። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ስመለስ ከበሩ ውጭ ያንኑ ድምፅ ሰማሁት፣ ስከፍት ዝም አለ። ሦስቱ ሰዎች ተቀምጠዋል። ሽማግሌ ደግሞ ታውቃላችሁ፣ እሺ ሳይባል አረፍ በሉ ቢሉትም አይቀመጥም። ሁለቱ ጉልበታቸውን አጥፈዋል፣ ሦስተኛው ቀኝ እግሩን ዘርግቷል። የአባቴ ቀኝ ጉልበት አይታጠፍም።

ብታምኑም ባታምኑም ከፍርሃቴ ደስታዬ በለጠ፣ ተሰጠችኝ ማለት ነዋ! እየሮጥኩ ወደ ዋናው ቤት ስሄድ አባቴ ጋቢውን እንደለበሰ ከውጭ ገባ።

"ከማርታ አባት ቤት መምጣቴ ነው" አለኝ። "ለሀብታሙ ጠይቀንለት እሺ አሉን። እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ መሰለህ፣ ራሱ መጥቶ 'አባባ፣ እንደ ልጅዎ ይቁጠሩኝ' ብሎ እግሬ ላይ ወደቀ። አንተስ? እስከ መቼ በመጫወቻ?"

እሱ ምንም አያውቅም፣ ቃል አስሮ መጥቷል። ሀብታሙ በገዛ አባቴ አፍ ነው የከዳኝ፣ ይህን አልምረውም።

ትናንት ደግሞ "ሚዜዬ አንተ ነህ" ብሎ ደወለ፣ አያፍርም! ስለ ክብሪቶቹ ብቻ ጠየቅኩት።

"እንዳይነቃብኝ ብዬ እኔ ነኝ አልኩህ እንጂ" አለኝ፣ "ክፍልህን ከረገጥኩ ወር አልፎኛል።"

ከእንዲህ ዓይነት ሰው አፍ እውነት ይወጣ እንደሆነ አላውቅም። ስልኩን ዘግቼ ሦስቱን ላቃጥላቸው አነሳኋቸው፣ እግሩን የዘረጋው ጋ ስደርስ ግን እጄ እምቢ አለኝ፣ ሁሉንም መለስኳቸው። እግሩን የዘረጋው አሁንም የማርታ በር ላይ ተቀምጧል። ፊት እንኳ የለውም፣ ግን ደስ ያለው ይመስላል።