ከመስቀያ የወረደ ሱሪ

እናንተ፣ ሱሪ በባለቤቱ ላይ ሲመሰክር አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ልብስ ተኳሿ አይታለች። ሱቋ ከወደቡ በር ፊት ለፊት ነው። መርከበኞች ወደ ከተማ ከመዝለቃቸው በፊት የክት ልብሳቸውን እሷ ጋ ያስተኩሳሉ። አንዱ መርከበኛም መጀመሪያ የመጣ ቀን ዘይት የጠጣ ቱታውን እንደለበሰ አንድ ጥቅል አቀበላት። ፈታችው።

«ይሄ ሱሪ ነው አኮርዲዮን?»

«ምን ላድርግ እህቴ፣ መርከብ ላይ መስቀያ የለም። ጠቅልለን ፍራሽ ሥር ነው የምንወትፈው።»

«ቁጭ በል እንግዲህ፣ ዘፈኑን ላስወጣለት።»

ሳቁ ልቧ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ መርከቡ በደረሰ ቁጥር መጀመሪያ እሷ ጋ ነው። እሷ ትተኩሳለች፣ እሱ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያያታል። ሁለት ዓመት! ባለፈው ሲሄድ «ስመለስ እንጋባለን» አላት። ለእናቷ ነገረች።

ተመለሰ።

«ስድስት ሳምንት ሙሉ ውሃ ላይ ነበርኩ። ቀጥታ አንቺ ጋ ነው የመጣሁት፣ የኔ ቆንጆ...»

ሱሪውን ዘረጋችው። ሽብሽቡ የለም። ከጉልበቱ ከፍ ብሎ፣ የመስቀያ ዘንግ የሚተወው አንድ መስመር ብቻ። የብል መድኃኒት ይሸታል። ይሄ ሱሪ ቁም ሣጥን ውስጥ ከርሟል።

«ማነው የሰቀለው?»

«ምግብ አብሳያችን... መስቀያ ገዝቶ።»

ካውያዋን ነቅላ ወደ መርከቡ ሄደች። እሱ «ቆይ እንጂ» እያለ ተከተላት። ሽማግሌው ምግብ አብሳይ ከባልደረቦቹ ጋር መሰላሉ ሥር ድንች ይልጣል።

«ጋሼ፣ መስቀያ ገዙ አሉ?»

«መስቀያ? እኛው መተኛ አጥተን! እሱ እንደሆነ ሁለት ሳምንት ቤቱ ከርሞ ትናንት ከጎረቤት ወደብ ነው የተሳፈረው። የክት ልብሱንም ሚስቱ...»

ቢላዋው ቆመ። ሁሉም አንገታቸውን ደፉ፤ የደነገጠ ግን አልነበረም። ያኔ ገባት፤ ሁሉም ያውቁ ነበር። «ሙሽራችን» ሲሏት የከረሙት እነዚሁ ናቸው።

«ላስረዳሽ...» አለ እሱ።

«ካንተ ጋር ጨርሻለሁ። ሚስትህ ጋ ሂድ፤ ሱቄ ደጃፍ እንዳላይህ።»

ከዚያ ወደ ሌሎቹ ዞረች።

«እናንተስ? ሁለት ዓመት ሙሉ ስታሽሟጥጡኝ፣ ከመሃላችሁ አንድ ሰው እንኳ እውነቱን ያልነገረኝ ለምንድን ነው? ወደቡ ሙሉ ሰው ይስማ። ጋሼ፣ ከእርስዎ ልጀምር፤ ይመልሱልኝ።»