የበር መቃኑ ቡመራንግ

ሽማግሌው ከቤቱ ጀርባ ባለው የቆርቆሮ መጠለያ ውስጥ የራስ ቅሉ ተፈርክሶ፣ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ቀትር ላይ ነው። ያገኘችው ልጁ ኖርማ ናት። ከዚያ ወዲህ ስሙን የጠራ የለም፤ በዚህ በረሃ የሙት ስም አይጠራም።

ሬሳው ሲነሳ ከሥሩ ለሁለት የተሰበረ፣ ደም የነካው ቡመራንግ፣ ጎባጣ መወርወሪያ ዱላ፣ ወጣ። የልጅ ልጁ ክሊፍተን ከፈረሰ ቤት የበር መቃን የጠረበው ነው። ትናንት ሽማግሌው «ገና ነው፤ እንደገና ሞርደው» ቢለው፣ ልጁ «ሰለቸኝ!» ብሎ ሲጮህ መንደሩ ሰምቷል።

ከከተማ የመጣው ነጭ ፖሊስ ክሊፍተንን መኪና ውስጥ ከተተው። ኖርማ ጎማው ፊት ተጋደመች።

«በእኔ ላይ ሂዱ! ወንድሙም እንዲሁ ተወስዶ ሬሳው ነው የመጣልኝ!»

የመንደሩ ፖሊስ ሜቪስ ቀረበች። «ሞተሩን አጥፋው» አለችው።

«ምን ቀረሽ?»

«ማየት።»

መጠለያው ውስጥ ፍቅፋቂ ብቻ ነው። ግድግዳው ላይ ባዶ ምስማር አለ። ተመልሳ በመኪናው መስኮት ልጁን ጠየቀችው።

«እዚያ የሚሰቀለው የሙልጋ እንጨት ቡመራንግ የት ሄደ?»

«አላውቅም አክስቴ። የአያቴ አባት የሠሩት ነው። የመቃኑን ስጨርስ አያቴ ሊሰጠኝ ነበር።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም ሩፐስ ግንባሩን ነጭ አፈር ቀብቶ ያለቅሳል።

«አባባ ሩፐስ፣ ዛሬ አይተዋቸው ነበር?»

«ኧረ እኔ! የሞተ መኖሩንም የሰማሁት ኖርማ ስትጮህ ነው።»

ባለሱቁ የሟቹ ሞክሼ ነው። ሜቪስ ጠዋት ማን እንደመጣ ጠየቀችው።

«ሩፐስ በማለዳ መጥቶ በቁሜ ቀበረኝ» አለና ሊስቅ ሲል አፉን በእጁ ያዘ።

ሁሉንም ሱቁ ፊት ካለው ዛፍ ሥር ሰበሰበቻቸው። ስብራቱን ለፖሊሱ አሳየችው።

«የመቃን እንጨት የውስጥ ጭረቱ ቀጥ ያለ ነው፤ መታጠፊያው ላይ ይሰበራል። የራስ ቅል አይፈረክስም። የሙልጋው ግን ጭረቱ ከጎባጣው ጋር አብሮ ይጎብጣል፤ አይሰበርም። የመቃኑ የተሰበረው ሰው ሲወድቅበት ነው። ደሙ ስብራቱ ውስጥ ድረስ የገባው ለዚያ ነው።»

«ታዲያ ማን መታቸው?» አለ ፖሊሱ።

ወደ ባለሱቁ ዞረች። «ጠዋት ምን ብሎ ጠራህ?»

«ኩማንጃይ፣ ዳቦ ስጠኝ አለኝ።»

ኖርማ ጩኸቷን አቆመች።

«እኛ ዘንድ» አለች ሜቪስ ለፖሊሱ፣ «ሰው ሲሞት ሞክሼውም በስሙ አይጠራም፤ ኩማንጃይ ይባላል። እኛ መሞታቸውን የሰማነው ቀትር ላይ ነው።» ከዚያ ወደ ሩፐስ ዞረች። አንቱታውን ተወችው። «አንተ ግን በማለዳ ታውቅ ነበር።»

ሩፐስ ነጩን አፈር ከግንባሩ ጠረገ።

«የሙልጋው የአባቴ እጅ ሥራ ነው» አለ። «ለእኔ ነበር የሚገባው። መቃን ለሚፈቀፍቅ ልጅ! ... አልጋዬ ሥር አለ።»

ወንድሙን ገድሏል፤ የስሙን ሕግ ግን አልሻረም።

ክሊፍተን ወረደ፤ ሩፐስ ገባ። ኖርማ ልጇን ጥብቅ አድርጋ አቀፈችው። እሱ ግን ተላቀቀና ከፍርስራሹ የቀረ አንድ የመቃን ቁራጭ አምጥቶ ወደ መኪናው መስኮት አስጠጋ። ቡመራንግ መጥረብ የሚችሉት ሟቹና ሩፐስ ብቻ ነበሩ።

«ከየት ነው የሚሳሳው?» አለ። «ንገረኝ! ሌላ ማን አለኝ?»

ሩፐስ ቀና ብሎ አላየውም። የታሰረ እጁን አወጣና በአውራ ጣቱ ጥፍር እንጨቱ ላይ መስመር መጫር ጀመረ። መኪናው ተነሳ። መስመሩ መታጠፊያው ጋ ቀረ።