የሥራነሽ አበልጅ

ወንድ ልጅ ሕፃን ታቅፎ ገበያ ሲገባ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛም አይተን አናውቅም ነበር። በ፲፱፻፴ ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ በአንድ ረቡዕ፣ ባዘዘው ሴት ልጁን በጋቢ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ አስሮ ሮብ ገበያ ሲገባ፣ ገብስ የሚሰፍረው መስፈሩን ተወ፤ ፈረስ የሚያሻሽጠውም ፈረሱን ረሳ። ጣሊያን አገሩን ከያዘ ወዲህ እንደዚያ ቀን የሳቅን አይመስለኝም።

«ምነው፣ ጡትህ ደርቆ ነው ገበያ የወጣኸው?» አለው አንዱ።

«አዎ፤ የምታበድረኝ አለህ?» ብሎት አለፈ።

ሚስቱ በወሊድ ከሞተችበት ሦስት ወሩ ነበር። ከደምበጫ ወደ እኛ መንደር የመጣው አክስቱ ልጅቱን ያሳድጉልኛል ብሎ ነው። አክስቱ ግን ዐይናቸው ፈዞ ስለ ነበር፣ ልጅቱንም አክስቱንም እርሱ ያሳድግ ጀመር።

የአያ ደምለው ልጅ ሥራነሽ በዚያ ቀን ቅቤ ይዛ ተቀምጣ ነበር። ባዘዘው ከፊቷ ሲደርስ ቀና ብላ አየችው። ደግማ አየችው። ከዚያ ድንገት ስጥ ላይ የወጣ ዶሮ እንደሚያባርር ሰው «እሽ!» አለች።

ባዘዘው ቆመ። «ዶሮ መሰልሁሽ እንዴ?»

ፊቷ በርበሬ መሰለ። «አንተን አይደለም።»

«ከኋላዬ ማንም የለም እኮ።»

«ሐሳቤን ነው።»

ይህን ነገሯን መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። የንስሐ አባቷ ቄስ ሙላት «ኃጢአት እጅ ላይ ከደረሰ ወዲያ ለመያዝ ያስቸግራል፤ ገና ሐሳብ ሳለ ነው ማባረር» ብለው ያስተማሩትን ሁላችንም ሰምተን ቤታችን ሳንደርስ ረሳነው። እርሷ ግን ይዛው ቀረች። ውኃ ስትቀዳ እሽ። ሊጥ ስታቦካ እሽ። ጎረቤቷ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ብቅ ስትል እሽ፣ እሽ። እኔም አባቷን «አያ ደምለው፣ ልጅዎ ዶሮ ሳይኖራት ዶሮ ጠባቂ ሆነችብዎ» እያልሁ እቀልድባቸው ነበር።

«ምን አስበሽ ነው ታዲያ?» አላት ባዘዘው።

«ለንስሐ አባቴ የምነግረውን ላንተ አልነግርም። ይልቅ ለልጅቱ ወተት ትፈልጋለህ ወይስ ክርክር?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ወተት ይዛ ወደ አክስቱ ቤት መሄድ ልማዷ ሆነ። ሕፃኗ ስሟ ያለምወርቅ ነው። ሮብ ገበያ ላይ ጨውና ሻማ የምትነግድ ሸምሲያ የምትባል የእስላም ሴት ደግሞ፣ የራሷን ልጅ ታጠባ ስለ ነበር፣ በገበያ ቀን ያለምወርቅን ወደ ጡቷ ታስጠጋት ነበር። በሁለቱ ሴቶች መካከል ልጅቱ ወፈረች። ባዘዘውም ወፈረ።

በጥር አንድ ማለዳ «ዛሬ አንድም ጊዜ እሽ አላልሽም» አላት።

«የሚባረር አልመጣማ።»

«እኔ መጥቻለሁ።»

ሥራነሽ ሳቀች፤ ወዲያው ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ያዘችው። «አንተማ አጥሩ ላይ ነህ። ስጡ ላይ ገና አልወጣህም። የሟቿ ዓመት ይውጣና ሽማግሌ ላክ።»

ከዚያ ወዲያ እርሱ ሕፃኗን ያያል፤ እርሷም ሕፃኗን ታያለች። ልጅቱን እያዩ እርስ በርስ የሚተያዩ ሰዎች ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ልባቸውን ይከብደው ነበር። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች፤ ያለምወርቅ ግን ስምንት ወር ሞልቷት አልተጠመቀችም። ቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ወታደሮች ሰፍረውበት ነበር፤ ቄስ ሙላት ታቦቱን ይዘው ጮቄ ግርጌ ካለ ዋሻ ገብተዋል። ክርስትና እናት እንድትሆን የታጨችው ባለቤቴ አይናዲስ ነበረች። ሥራነሽማ ልትሆን አትችልም። ልጁን ክርስትና ያነሣና የልጁ ወላጅ አበልጅ ናቸው። አበልጅ ደግሞ ከሥጋ ዘመድ ይበልጣል እንጂ አያንስም፤ አበልጅና አበልጅ አይጋባም።

በመጋቢት አንድ ጠዋት ባዘዘው ደጄን ደበደበ። ከኋላው ሥራነሽ ልጅቱን ታቅፋለች። ሸምሲያ በቅሎዋን ይዛ ቆማለች፤ የነጋዴ ይለፍ ወረቀት ስለ ነበራት ወታደሮቹ ባሉበት መንገድ የምታሳልፋቸው እርሷ ናት።

«አያ እንዳላማው፣ ልጄ ሌሊቱን በትኩሳት ስትነድ አደረች፤ ልትሞትብኝ ነው። ሳትጠመቅ ልትሞትብኝ ነው! አይናዲስ ቶሎ ትውጣ።»

በዋዜማው በዚያው መንገድ ሦስት ሰው ተተኩሶበት ሞቷል። እኔ በሩን ገርበብ አድርጌ «ወንዝ ወርዳለች፤ ቅደሙ፣ አስከትዬ አመጣታለሁ» አልሁ።

አይናዲስ ነጠላዋን አጣፍታ ከበሩ ኋላ ቆማ ነበር።

ሲሄዱ «ምን ሆነህ ነው? ቃል ሰጥቻለሁ እኮ!» አለችኝ።

«ሕፃኗ ባንቺ አትድንም፤ አንቺ ግን በእርሷ ትሞቻለሽ» አልኋት።

ጥቂት ቆመች። ከዚያ ነጠላዋን አውልቃ ተቀመጠች። 

በዋሻው የሆነውን የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ቄስ ሙላት ውኃውን ባርከው «ክርስትና እናቷስ?» አሉ።

«እየመጣች ነው» አለ ባዘዘው፤ መንገዱን አየ።

ጠበቁ። የዋሻው ጥላ ከድንጋዩ ወደ ሣሩ ዞረ። የሕፃኗ ትንፋሽ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይቀራል።

«ልጆቼ፣ ያለ ክርስትና እናት አይሆንልኝም» አሉ ቄሱ፤ ሸምሲያን አዩ።

«እኔ እስላም ነኝ፣ አባ። ቢሆንልኝ ኖሮ እስካሁን አላስለምናችሁም ነበር» አለች ሸምሲያ።

ከዚያ ወዲያ ሁሉም ሥራነሽን ላለማየት አንገቱን ደፋ። በመጨረሻ ቄስ ሙላት ቀስ ብለው «ልጄ፣ ይህችን ካነሣሽ አባቷ አበልጅሽ ነው። እስክትሞቺ ድረስ። ታውቂያለሽ?» አሏት።

«አውቃለሁ፣ አባቴ።»

«አንተስ፣ ባዘዘው?»

ባዘዘው እንደገና መንገዱን አየ። ከዚያ ሥራነሽን አየ።  የተያዩት አንድ ጉንጭ ውኃ እስኪዋጥ ያህል ነው። እርሷ ዐይኗን ከእርሱ ላይ ቀድማ አነሣችና እጇን ዘረጋች።

«ስጡኝ» አለች።

ስለ ልጅቱ ሆና ሰይጣንን ካደች፤ ሃይማኖቷን መሰከረች። ቄሱ ሦስት ጊዜ ነክረው፣ ማዕተብ አስረው፣ ወለተ ኪዳን ብለው ሰጧት። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ወለተ ኪዳን በክርስትና እናቷ እቅፍ ሞተች። ፍትሐት ተደርጎላት እንደ ክርስቲያን ተቀበረች።

ባዘዘው ከመቃብሩ ወደ ቤቱ አልተመለሰም፤ ጫካ ገብቶ ከአርበኞቹ ጋር ተቀላቀለ። በሳምንቱ አውሮፕላን ዋሻውን ደበደበው፤ ቄስ ሙላት እዚያው ቀሩ። መንደራችንም ተቃጠለ። ከፊላችን ወደ ጉንደ ወይን፣ ከፊላችን ወደ ቆላ ተበተንን።

ጣሊያን ለቆ በ፲፱፻፴፫ ዓ.ም. ወደ አመዳችን ስንመለስ ሕፃኗ መሞቷን ብቻ ሰማን። «ማን ክርስትና አነሣት?» ብለን አልጠየቅንም። ሳትጠመቅ ሞታ ከሆነ መልሱን መስማት ፈራን። ማንም አልነገረን፤ እኛም ዝምታውን ወደድነው።

ባዘዘው ጠጉሩን አጎፍሮ፣ ጠመንጃ ይዞ፣ ግራ እጁ አልታዘዝ ብሎት ተመለሰ። መጀመሪያ የሄደው ሥራነሽ ገብስ የምታጭድበት ማሳ ነው።

«ቄሱ የሉም» አላት። «ልጄም የለችም። ሸምሲያ ገመና አታወጣም። ማን ቀረ?»

«እኔ ቀረሁ።»

«ሥራነሽ፣ ሦስት ዓመት ጫካ ውስጥ ያኖረኝ ያንቺ ሐሳብ ነው። አንቺስ አላሰብሽኝም?»

ማጭዷን አስቀመጠች። «ጠዋት ወጥቼ አባርርሃለሁ፤ ማታ ስመለስ ቀድመኸኝ ቤት ገብተሃል። እንዲህ ነው የኖርሁት።»

«እንግዲያው ምን ትፈልጊያለሽ?»

«አንተን» አለች። «አንተን ነው የምፈልገው። ግን ካንተ ጋር በተኛሁ ቁጥር ያቺን ልጅ ከመካከላችን ማንሣት አለብኝ። አንድ ጊዜ አነሣኋት፤ ሁለተኛ አልችልም።»

ባዘዘው ጠመንጃውን አነገተ። «ሽማግሌ እልካለሁ። እምቢ የምትይኝ ከሆነ ባባትሽ ፊት በይኝ» ብሎ ሄደ።

የተላክነው ሦስት ነበርን፤ አንዱ እኔ ነኝ። አያ ደምለው ደስ ብሏቸው ጠላ አስቀዱ። «ልጄ ትልቅ ሰው ናት፤ ቃሏን ከራሷ ስሙ» ብለው ጠሯት።

ሥራነሽ ምሰሶው አጠገብ ቆመች። «አይሆንም፣ አባዬ።»

«ምን አለው? ድኻ ነው? ፈሪ ነው?»

«ባዘዘው ክፉ አይወጣውም። የማይሆነው ለእኔ ነው።»

አንድ ቃል ብትናገር ኖሮ ሁሉም ነገር ባለቀ ነበር። ግን ያን ቃል ብትናገር ባዘዘው በገዛ አበልጁ ላይ ሽማግሌ የላከ ሰው ሆኖ ከአገር ይወጣል። «አይናዲስ ያን ቀን የት ነበረች?» የሚልም ይነሣል። እርሷ ይህን ሁሉ አስባ ዝም አለች። እኔ ደግሞ ምንም ሳላውቅ፣ ጠላዬን እንደ ያዝሁ «ባላምባራስ እየጠበቅሽ ይሆናላ!» አልሁ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ።

አባቷ አልሳቁም። «ቤቴን በሽማግሌ ፊት አዋረድሽው» አሏት፤ እስከ ፋሲካ አላነጋገሯትም።

ባዘዘው በማግሥቱ ወደ ደምበጫ ሲመለስ በደጇ አለፈ። ሥራነሽ አጥሩ ሥር ቆማ ነበር። ፈረሱን ያዝ አደረገና ጎንበስ ብሎ አያት።

«ደኅና ሁኚ፣ አበልጄ» አላት። ቃሉን እንደ ምራቅ ወረወረው።

እርሷ ለአበልጅ እንደሚገባው እጅ ነሣች። «በሰላም ግባ፣ አበልጄ» አለች። ቀና ስትል ፈረሱ ዳገቱን ጀምሮ ነበር። ባዘዘው ደምበጫ አግብቶ ወለደ። ሥራነሽ አላገባችም።

ሰባት ዓመት ሙሉ ባገኘኋት ቁጥር «ባላምባራሱ ደረሰ ወይ?» እላት ነበር። ፈገግ ትላለች፤ ታልፋለች። እኔ የምትወደው ቀልድ መስሎኝ ነበር።

አንድ ረቡዕ ሸምሲያ ሱቅ ጨው ስገዛ ይህንኑ ቀልድ ለሰዎች ሳወራ፣ ሸምሲያ ሚዛኑን አስቀመጠች።

«አያ እንዳላማው፣ አፍህን ያዝ!»

«ምነው ሸምሲያ፣ ስቀልድ እኮ ነው።»

«ሚስትህ በቀረችበት ቦታ የቆመች ሴት ናት!» አለች። «እስከ ዛሬ ዝም ያልሁት እርሷ ዝም ስላለች ነው። ከዚህ በላይ ግን አልችልም።» ሰዎቹን አስወጥታ የዋሻውን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረችኝ። ጨዉን እዚያው ትቼ ወጣሁ።

ለአይናዲስ ስነግራት አላለቀሰችም። ከደጃችን ድንጋይ አንሥታ ትከሻዋ ላይ አደረገች፤ እኔም አደረግሁ። እንዲያ ሆነን ሥራነሽ ደጅ ደረስን። ገብስ ታበጥር ነበር። ድንጋዩን ስታይ ነገሩ ገባት።

«ሸምሲያ ናት» አለች።

«ይቅር በይን» አለች አይናዲስ። መሬት ላይ ወደቀች። «ወንዝ አልወረድሁም ነበር።»

«አውቃለሁ። ያን ጠዋት እግርሽን በበሩ ሥር አይቼዋለሁ። ዋሻው ጋ ባዘዘው መንገድ መንገዱን ሲያይ እኔ አላየሁም፤ እንደማትመጪ አውቅ ነበር።»

«ለእርሱስ ነገርሽው?»

«ብነግረው ይገድላችሁ ነበር።»

እኔ የምለው ጠፋኝ። ሕይወቴን ሙሉ ቃል አጥቼ የማላውቅ ሰው ነኝ። «ሥራነሽ፣ ይቅር ብለሽናል?» አልሁ እንደ ምንም።

ሰፌዱን አስቀመጠች። «ድንጋዩን አውርዱት» አለችን። «ለዛሬ ይቅር ብያችኋለሁ። የነገውን አላውቅም፤ ነገ ደግሞ ስነሣ እለምንበታለሁ። በየቀኑ ነው። አንዳንድ ቀን አይሰጠኝም።»

አሁን ጠዋት ጠዋት ወደ እርሻ ስወርድ በደጇ ነው የማልፈው። ቆም እልና «እንዴት አደርሽ፣ ሥራነሽ?» እላለሁ። አንዳንድ ቀን «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አያ እንዳላማው፤ እርስዎስ?» ትለኛለች። አንዳንድ ቀን ጀርባዋን እንደ ሰጠችኝ ሥራዋን ትሠራለች። ያን ቀን ጥቂት ቆሜ፣ ምንም ሳልናገር እወርዳለሁ።