ሁለት ገቡ፣ አንድ ቀረ

ያየሁትን ነው የምነግራችሁ። ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው...

እሁድ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ግቢው በፀሐይ ፍንትው ብሏል።

መንታ ወንድሞች አሉኝ፤ ታናናሾቼ ናቸው። በሚያስተምሩት ትምህርት "ሒሳብ" እና "ፊዚክስ" ብዬ እጠራቸዋለሁ። እናታችን እንኳ አትለያቸውም። እኔ ግን በኮቴያቸው እለያቸዋለሁ።

ልብስ እያሰጣሁ ነው። እነሱ ኋላ ባለችው ክፍል፣ ሰሌዳቸው ፊት ተፋጠዋል።

"ሦስትን በራሱ ብታባዛው ዘጠኝ፤ ነጌቲቭ ሦስትንም ዘጠኝ" አለ ሒሳብ። "ዘጠኙን ብቻ ካየህ ከየትኛው እንደመጣ አታውቅም። የጠፋ ጠፋ!"

"እሱ ወረቀት ላይ ነዋ!" አለ ፊዚክስ። "ተፈጥሮ ምንም አትጥልም። ደብዳቤ ብታቃጥል እንኳ ጽሑፉ ጭሱና አመዱ ውስጥ አለ።"

"እስቲ አንብብልኝ!"

ሳቅኩ። የዘወትር ንትርካቸው ነው።

"አሁን እናያለና..." አለ አንደኛው።

በሩ ከውስጥ ተቆለፈ።

ጓ!

ወንበር ተሰበረ። ቀጥሎ የተሰበረው ግን... እንጨት አልነበረም።

"ልቀቀኝ! አንገቴን..."

ልብሱን ጥዬ ሮጥኩ። በሩን በትከሻዬ ገጨሁት። ንቅንቅ አላለም። መጥረቢያ አምጥቼ ቁልፉን መፈንቀል ጀመርኩ።

ሁለቱም ይጮሃሉ...

እየጮሁ፣ እየጮሁ... ድምፃቸው አንድ ሆነ።

ከዚያ ጸጥ አለ።

ስገባ አንድ ሰው ብቻ ቆሟል።

ሰሌዳው ላይ ደም ተረጭቷል። ወለሉ ላይ ሁለት ጥንድ ጫማ አለ። መስኮቱ የብረት ፍርግርግ ነው፤ ድመት እንኳ አያሾልክም።

"ወንድምህስ?" አልኩት በሹክሹክታ።

"የቱ?"

"አንተ... የትኛው ነህ?"

ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"እትዬ... እኔም አላውቅም።"

ፊቱን አየሁት። ወደ እኔ ሲራመድ ኮቴውን አዳመጥኩ። መለየት አቃተኝ።

ሸሚዙ በደም ርሷል። ገለጥኩት። አንድም ቁስል የለበትም።

ድንገት ከንፈሩ ተተረተረ። ማንም ሳይነካው። ጥርሱ ወለሉ ላይ ጠብ አለ።

"ያዢኝ" አለኝ። "እየመታኝ ነው..."

"ማነው?"

ሆዱ ላይ ቆዳው ወደ ውጭ ተወጠረ... አራት የጣት አንጓዎች፣ ተሰልፈው።

አንዴ።

ሁለቴ።

ሳላስበው መዳፌን ጫንኩበት።

ቡጢው ከቆዳው ሥር ቀስ ብሎ ተፈታ... ጣቶቹን ዘረጋ... እጄንም አጥብቆ ጨበጠኝ።