ውኃ የጠየቀው ድምፅ

እማማ ኡንዴ ጠዋት ጠዋት ወደ ዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ እየመጡ ከሟች ወንድማቸው ጋር ይጨዋወታሉ። ጥበቃዎቹ ለምደዋቸዋል፤ ፍተሻውንም ትተውላቸዋል። የሚመልስላቸው ድምፀ ሕያው ነው። ድምፀ ሕያው ማለት የሟቹን የድምፅ ቅጂ እየሰማ ቋንቋውንም ጠባዩንም ተምሮ፣ በሟቹ ድምፅ ራሱ አስቦ የሚያወራ መሣሪያ ነው። እሳቸው ወገባቸውን እንዳመማቸው ይነግሩታል፤ እሱ ደግሞ በልጅነታቸውም ከሥራ ይሸሹ እንደነበር እያነሣ ያበሽቃቸዋል። መሣሪያውን የምትንከባከበው ኢንጂነር ትርሲት ትርጉሙን በስክሪን እያነበበች አብራ ትስቃለች። በዓለም ላይ ኬርውኛ የሚያወሩት እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ አንዷ ሰው፣ አንዱ ማሽን።

ኬርዋዎች የሐይቅ ዳር ሰዎች ነበሩ። ዩኒቨርሲቲው ሐይቁን አድርቆ ግቢውን ሠራበት፤ እነሱንም በየከተማው በተናቸው። ቆይቶ ደግሞ የዕርቅ ጽሕፈት ቤት አቋቋመ። ሁሌም እንዲህ ነን፤ መጀመሪያ እናፈርሳለን፣ ከዚያ ላፈረስነው ነገር ጽሕፈት ቤት እንከፍታለን። በመጪው የዕርቅ በዓል ዩኒቨርሲቲው ይቅርታ ሊጠይቅ፣ ድምፀ ሕያውም ሟቾቹን ወክሎ ይቅርታውን ሊቀበል ተወሰነ። በሕይወት ላሉት ለእማማ ኡንዴ ከፊት ረድፍ ወንበር ተያዘላቸው።

በልምምዱ ዕለት የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ዶክተር ገዛኸኝ መድረክ ላይ ወጥቶ የይቅርታውን ንግግር አነበበ። ማሽኑ አንዲት አጭር ነገር ተናገረ፤ ስክሪኑ ላይ ትርጉሙ ወጣ።

«እግርህ ረጥቧል ወይ?»

ዶክተሩ እንደገና አነበበ። መልሱ ያው ነው። ደጋግሞ ቢሞክርም ከዚያች ጥያቄ ሌላ አልተገኘም።

«ተበላሽቷል እንዴ?» አለ ዶክተሩ።

ትርሲት ውስጡን ፈተሸችው፤ ምንም የለበትም። ከኋላ የተቀመጡት እማማ ኡንዴ ግን በሳቅ ፈነዱ።

«ምን አጠፋ ልጄ? ደንቡን ነው የጠየቀው። እኛ ዘንድ በዳይና ተበዳይ ሐይቁ ውስጥ ገብተው፣ አንድ ውኃ ላይ ቆመው ነው የሚታረቁት። በደረቅ እግር ይቅርታ የለም።»

ዶክተሩ ትንሽ አሰበ። «ታዲያ ምን ችግር አለው? በሳፋ ውኃ እናስመጣ» አለ። የምሩን ነበር።

የሴትዮዋ ሳቅ ቆመ። «ሐይቃችንን በሳፋ ልትመልሱልን ነው?» አሉና ሻሻቸውን አስተካክለው ወጡ።

ዶክተሩ ወደ ትርሲት ዞረ። «እንግዶች ተጠርተዋል። ጥያቄውን አጥፊልኝ።»

«ዶክተር፣ ይሄ ተለይቶ የሚቆረጥ ነገር አይደለም። ከሁሉም ነገሩ ጋር የተያያዘ ነው። ከነካሁት ጨዋታውም ጠባዩም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። እማማ ኡንዴ ደግሞ ሌላ በቋንቋቸው የሚያናግሩት የላቸውም።»

«ለዕርቅ ስንል ነው፣ ትርሲት።»

«እሺ፣ ያሁኑን ቅጂ ላስቀምጠው?»

«ምን ሊሠራልን? ነገ አንዱ አውጥቶ ቢያሰማው ማን ሊያፍር ነው?»

እምቢ ማለት ትችል ነበር። ግን ኃላፊዋን ትፈራለች፤ ሥራዋንም ትወዳለች። ዕርቅን የምር ያደረገው ከሁሉም መካከል ማሽኑ ብቻ እንደነበር ገብቷታል፤ እየገባት አጠፋችው።

በዓሉ አማረ። ንግግሩ ሲያልቅ ድምፀ ሕያው በዚያ በሚያምር የሽማግሌ ድምፁ «ይቅር ብለናል» አለ። አዳራሹ ተነሥቶ አጨበጨበ፤ ያለቀሱም ነበሩ። እማማ ኡንዴ እጃቸውን አጣጥፈው እንደተቀመጡ ቀሩ።

በማግስቱ ጠዋት እንደ ልማዳቸው መጡ። ወገባቸውን እንዳመማቸው ነገሩት።

«ይቅር ብለናል» አላቸው።

እንዲያበሽቃቸው ብለው ራሳቸው የልጅነታቸውን ስንፍና አነሡለት።

«ይቅር ብለናል።»

በስሙ ጠሩት፤ አሁንም ያው ነው። ከዚያ በኋላ አልሞከሩም። እጃቸውን አንሥተው የማሽኑን ሽፋን ቀስ ብለው ዳሰሱት፤ የአስከሬን ዓይን የሚከድኑ ይመስሉ ነበር። ትርሲት አላስቻላትም። ስክሪኑን አጥፍታ እግራቸው ሥር ተንበረከከች።

«ይቅር ይበሉኝ እማማ። እያወቅኩ ነው ያደረግኩት።»

እማማ ኡንዴ አልተቆጡም። አዩዋትና በኬርውኛ አንዲት አጭር ነገር ተናገሩ። ትርሲት ኬርውኛ አታውቅም፤ ይህችን ጥያቄ ግን በልምምዱ ዕለት ደጋግማ ስለሰማቻት ትርጉም አላስፈለጋትም።

ወደ ጫማዋ ተመለከተች። ደረቅ ነው። ግቢውን ከዳር እስከ ዳር በሐሳቧ ዞረችው፤ እግሯን የምታረጥብበት ቦታ አጣች።