ዳታ የሚበላው ሰዓት

«ዳታዬ ሳልነካው ያልቃል» አሉ ሴትዮዋ፣ ስልካቸውን በመስኮቱ ስር ገፋ አድርገው።

መርፌ ቀና አላለችም። ስትጠብቀው የዋለችው ቃል ይኸው ነው። አንድም ሳይጎድል።

የስልኩን የሲም ማውጫ በቀጭን ሽቦ ከፈተች። ከእጅጌዋ ጥፍር የምታክል ሜሞሪ አወጣች። ከተተችው። ዘጋችው። መለሰችላቸው። አሥር ሰከንድ አልፈጀም። የሰባት ወር ልፋት ተፈጸመ።

አሁን መልእክተኛው «ነገ እመለሳለሁ» ብሎ መሄድ ነበረበት።

ሴትዮዋ ግን ክርናቸውን መስኮቱ ላይ አስደገፉ።

«ምኑን ነው የጎረጎርሽው? እኔ የጠየቅሁሽ ማን እንደሚበላብኝ ነው!»

እኚህ መልእክተኛው አይደሉም።

የይለፍ ቃሉን የመረጡት ቢሮ የሚውሉ ሰዎች ናቸው። «‹ቶሎ ያልቃል› የሚል እንጂ ‹ሳልነካው› የሚል ደንበኛ አይመጣም» ብለው ተከራክረው ነበር። ጎበዞች ናቸው፣ አይካድም። ግን አንዳቸውም የስልክ ድርጅት መስኮት ላይ ግማሽ ቀን ተቀምጦ አያውቅም። ሰው ዳታው ሲያልቅበት የማይለው ነገር የለም።

ከሴትዮዋ ትከሻ በላይ ወረፋ መጠበቂያውን አየች። ሄልሜቱን ጉልበቱ ላይ ያስቀመጠ ሰው ከመስኮት አራት ዓይኑን አይነቅልም። የያዘው ቁጥር ስልሳ ሦስት ነው።

እውነተኛው መልእክተኛ።

መርፌ በደረቷ ላይ በተንጠለጠለው ወረቀት የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛ ናት። በሌላ ወረቀት ላይ፣ እሱንም በጣም ጥቂት ሰው ነው የሚያየው፣ ሰላይ ናት፤ መርፌ የሚሏትም እዚያ ነው። ከድርጅቱ ውስጥ አንድ ሰው የሰዎችን ስልክ እየተከተለ የት እንዳሉ ለነፍሰ ገዳዮች ይሸጣል። ሁለት ምስክሮች በተሸሸጉበት ቤት ተገድለዋል። ሦስተኛዋ ነገ ፍርድ ቤት ትቆማለች። ሻጩ ማን እንደሆነና ለማን እንደሚሸጥ ያለው በዚያች ሜሞሪ ውስጥ ነው። መርፌ ዛሬ ጠዋት ገለበጠችው፤ ከፍታ ለማንበብ ግን ፋታ አላገኘችም።

ሜሞሪው ደግሞ የአንዲት ሕፃን ፎቶ በተለጠፈበት ስልክ ውስጥ፣ በእማማ እጅ ሆኖ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል።

«እማማ፣ አንዴ ይስጡኝ። ማን እንደሚበላው ላሳይዎት።»

«እንዲህ በይኛ!»

የዳታ አጠቃቀሙን ከፈተችላቸው። «ይኸው፣ ቪዲዮው ነው። ሳይነኩት ራሱን ያጫውታል። ይኼ ደግሞ ከጀርባ ይታደሳል።»

«እንዴ! እኔ ስተኛ እሱ ቪዲዮ ያያል?» አሉና ጠረጠሯት። «የአንቺስ? እናንተ ሁልጊዜ ጥፋቱን በእኛ ላይ ነው የምትጥሉት። እስቲ የራስሽን አሳዪኝ።»

ከኋላዋ አለቃዋ ጉሮሮውን ጠረገ። ሠራተኛው «ደቂቃ» ይለዋል፤ ደንበኛ ከአምስት ደቂቃ በላይ ከቆመ ያመዋል። «መስኮት አራት፣ ምን ይጠበቃል?»

«እየጨረስኩ ነው፣ ጋሼ።»

ሴትዮዋን ለማባበል ስልኳን አወጣች። ይህን ስልክ የሰጣት ክር ነው። ክር አለቃዋ ነው፣ የስለላ መሥሪያ ቤቱ። አሥራ አንድ ዓመት አብረው ሠርተዋል። እናቷ ስትታመም ሐኪም ቤት ያደረው እሱ ነው። «ዳታውን ሁሉ ዘግቼዋለሁ፣ እኅት ዓለም። ከእኔ በቀር ማንም አይንካው» ብሏታል።

ዝርዝሩን ከፈተች። ባዶ መሆን ነበረበት።

ሴትዮዋ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱና የዝርዝሩን ብቸኛ መስመር በጣታቸው ነኩ። «ይሄ ሰዓቱ አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«ሰዓት ምን ይበላል?»

ሰዓት። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሜጋ ባይት።

ሰዓት ምንም አይበላም።

በየአሥር ደቂቃው እየተነሣ ለአንድ ሰው «እዚህ ናት» የሚል ካልሆነ በቀር።

ሁለቱ ሟቾች አዲስ ስልክ ተሰጥቷቸው ነበር። «ለደኅንነታችሁ» ተብለው። ሦስተኛዋም ተሰጥቷታል። የድርጅቱ ሻጭ የሚከተለው እነዚህን ስልኮች ነው። ማን ሰጣቸው? ክር።

ይህን ሥራ ያዘዙት የምስክሮቹን ጉዳይ የያዙት ዳኛ ናቸው። ክር የታዘዘው እንዲያስፈጽም ነው። የሚያስፈጽመው ምን እንደሆነ አሁን ገባት። መርፌ ማስረጃውን ታግኝ፤ መልእክተኛው ይቀበላት፤ ከዚያ ማስረጃውም መርፌም አይኑሩ።

ሄልሜት የያዘው ሰው ሰዓቱን አየ።

ማልቀስ አማራት። ያደረገችው ግን ሥራዋን ነው።

«እማማ፣ ስልክዎትን ትንሽ ላስተካክልልዎት። ይቀመጡ።»

«ቆሜ አያለሁ። እምነት የለኝም።»

ዳኛው በቃሏ ያስያዟት አንድ የፋይል መላኪያ አድራሻ አለ። «የመጨረሻ በር ነው፤ አንዴ ብቻ ነው የሚከፈተው» ብለዋታል። በእማማ ስልክ ሜሞሪውን ከፈተች። ፋይሉ ሦስት መቶ ዘጠና ሜጋ። የእማማ ጥቅል የቀረው አራት መቶ ሁለት።

አሥራ ሁለት ሜጋ ነው ልዩነቱ። ቪዲዮው ራሱን አንዴ ካጫወተ አለቀላት።

ቪዲዮውን ዘጋች። ከጀርባ የሚታደሰውን ዘጋች። ዳታ ቆጣቢውን አበራች። አንድ መስመር ጻፈች፦ የምስክሯን ስልክ አሁኑኑ አጥፉ፤ ከክር እጅ የወጣ ነው።

ላከች።

ሃያ በመቶ።

አርባ።

«ምንድን ነው የሚዞረው?» አሉ ሴትዮዋ።

«እያጸዳሁልዎት ነው።»

ሰባ አንድ በመቶ ላይ ስልኩ ጮኸ። የቪዲዮ ጥሪ። ያቺ ፎቶ ላይ ያለችው ሕፃን ስክሪኑን ሞላችው፣ የፊት ጥርስ የላትም።

«የልጅ ልጄ ናት! ስጪኝ!»

መርፌ ጥሪውን ዘጋችው።

«ሳምንት ሙሉ የጠበቅሁትን! ምን ዓይነት ጨካኝ ነሽ?»

«ይቅርታ፣ እማማ። ይቅርታ።» ከልቧ ነበር።

ሰማንያ ስምንት።

ሄልሜት የያዘው ሰው ተነሣ። ቁጥሩ ሳይጠራ መጣ። ከእማማ ጎን ቆመና ዝግ ባለ ድምፅ «ዳታዬ ሳልነካው ያልቃል» አለ።

እማማ ዞረው ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«እኔም እሱን ነው ያልኩት! ተራህን ጠብቅ፣ አንተ ሰውዬ! የኛ ዳታ እንደ ጓሮ ጎመን በነፃ የበቀለ መሰለህ?»

«እናቴ፣ እቸኩላለሁ።»

«እኔ ደግሞ ልተኛ ነው የመጣሁት!»

ወረፋው ሳቀ። ሰውዬው አልሳቀም። አንድ እጁን ከጃኬቱ ውስጥ አላወጣም።

ዘጠና ስድስት።

ዘጠና ዘጠኝ።

ተልኳል።

ወዲያው መልእክት ገባ፦ «ውድ ደንበኛችን፣ የዳታ ጥቅልዎ አልቋል።»

መርፌ ሜሞሪውን አወጣች። ሰውዬው ያወጣውን ስልክ ተቀብላ ከተተችለት። ይውሰደው፤ ከእንግዲህ ማንንም አያድንም። ለእማማ ደግሞ ድርጅቱ ለሠራተኛ የሚሰጠውን የወር ጥቅል አስተላለፈችላቸው። በመስኮት አራት የሠራችው የመጨረሻ ሥራ እሱ ሆነ።

ሰውዬው ጎንበስ አለ። «ክር ሰላም ብሎሻል። በር ላይ መኪና ይጠብቅሻል።»

መኪና በእቅዱ ውስጥ አልነበረም።

«ጃኬቴን ልያዝ» አለች።

የክርን ስልክ መሳቢያ ውስጥ ትታ ተነሣች። ይቁጠርላት። ለሚጠይቀው ሁሉ መስኮት አራት ናት ይበል። በዕቃ ግምጃ ቤቱ በኩል፣ በስልክ ቀፎ ካርቶኖች መካከል አለፈች። ከኋላዋ ደቂቃ «የት ነው? ገና ሰባት ደንበኛ አለ!» ሲል ሰማች። የኋላ በሩን ከፈተች። ሰው በሞላበት መንገድ ገባች። አልሮጠችም። የሚሮጥ ሰው ይታያል።

ምስክሯ ተረፈች። በማግስቱ ፍርድ ቤት ቆማ ተናገረች። ክርንና የድርጅቱን ሻጭ ከየወንበራቸው ላይ ወሰዷቸው። ሄልሜት የያዘው ሰው ግን አልተገኘም። ስለዚህ መርፌም አልተገኘችም፤ ስሟን፣ ቤቷን፣ የእናቷን ድምፅ ትታ ጠፋች። የእናቷን ቁጥር በቃሏ ታውቀዋለች። ጣቷ እንዳይደውለው ትፈራዋለች፤ የዚያን ስልክ ማን እንደሚያዳምጥ አይታወቅም።

ከሁለት ወር በኋላ፣ ማንም በማያውቃት ትንሽ ከተማ፣ አንድ ስልክ ሻጭ ዘንድ ቆመች። ሻጩ ሽማግሌ ነው፤ አቧራ የጠጣ በተን ስልክ አቀበላት። ገለበጠችው። ጀርባውን ከፈተች። ባትሪውን አወጣች፣ መለሰች። በሩን ዞራ አየች።

«አባባ፣ ሰዓት አለው?»

«አለው።»

«ሰዓቱ... ዳታ ይበላል?»

ሽማግሌው ከመነጽሩ በላይ ረጋ ብሎ አያት።

«ልጄ፣ ይሄ ሰዓት እንኳን ዳታ ሊበላ፣ በትክክልም አይቆጥር።»